ያልቀነሰው ኪሎዬና የቀነሰችው ሠርክ

ለተከበሩ ወንድም ኤልናታን፣
የቤተ ክርስቲያናችን የጤናና የአካል ብቃት አገልግሎት ሰብሳቢ፣
ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ጊጊሪ ያለው ሥራዎ፣ ኪሌሌሽዋ ያለው ቤትዎና በውስጡ የቆመው የመሮጫ ማሽን ሁላችሁም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የማሽኑን ደኅንነት እንኳ በየማለዳው በዋትሳፕ ግሩፓችን ላይ ከሚለጥፉት ፎቶግራፍ ስለምረዳ ለእሱ ብዙም አልሰጋም። እኔም እርስዎን የመሰለ አሳቢ የሰጠን አምላክ ይመስገንና ካሳራኒ ሊፍት በሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ከነሙሉ ኪሎዬ አለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን ኪሎዬ ለእኔ በግል ስላልተነገረኝ፣ በማይክሮፎን ለጉባኤው ተነብቦ ከሰዓት በኋላም ከነስሜ በግሩፑ ላይ ስለተለጠፈ፣ እኔም ከአገልግሎትዎ ግልጽነትን ተምሬ እዚያው ግሩፕ ላይ ማስቀመጡን መረጥኩ። እርስዎ ነገርን ሁሉ በቁጥር ማየት ስለሚወዱ ምስጋናዬንም በቁጥር እጀምራለሁ፤ እስከ መጨረሻው በቁጥር መዝለቄን ግን ቃል አልገባም።

አንደኛ፣ ባለፈው ጥር «የቀለለ መቅደስ» የተሰኘውን የክብደት መቀነስ ውድድር ስላስጀመሩልን አመሰግናለሁ። ሰውነታችን መቅደስ መሆኑን ድሮም ሰምተናል፤ መቅደስ ጫማውን አውልቆ ሲመዘን ያየነው ግን በእርስዎ ዘመን ነው። በየወሩ መጀመሪያ እሁድ፣ ከቡራኬ በኋላ፣ ሚዛኑ መዘምራን በሚቆሙበት መድረክ ላይ ይቀመጥና ስማችን ይጠራል። እርስዎ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ያያሉ፤ ቀና ብለው ያውጃሉ። ሃምሳ ዓመቷን ለተሻገረችና ልጇን ዩኒቨርሲቲ ላስገባች ሴት፣ ካልሲዋ በአውራ ጣቷ በኩል መቀደዱን በጉባኤ ፊት ማወቅ ምን ያህል ትሕትና እንደሚያስተምር እርስዎ ባያመቻቹልኝ ኖሮ ሳላውቀው እሞት ነበር።

ለመመዝገብ ያነሣሣኝ ግን የእርስዎ ጥሪ ብቻ እንዳልሆነ ብናገር እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ። በሰፈራችን ክሊኒክ የምታየኝ ዶክተር ኢንሳፍ የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን፣ ስኳሬም ከድንበሩ ላይ መቆሙን ነግራኝ ነበር። ሥራዬ ማስተርጎም እንደሆነ ያውቃሉ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተሰደደ ሰው የደረሰበትን ሲናገር እሰማለሁ፣ የሰማሁትን በሌላ ቋንቋ እደግመዋለሁ። ሲመሽ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ የቲካ መንገድ መጨናነቅ እስኪለቅ እጠብቃለሁ፣ ቤቴ ስደርስ ደግሞ ድካሜን ላሳርፍ እቀመጣለሁ። ከወንበር ወደ ወንበር ነበር ኑሮዬ።

ብቻዬን አልተመዘገብኩም። በአንድ ፎቅ በር ለበር የምንኖረው እህታችን ሠርክ አብራኝ ተመዘገበች። ሠርክን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ መዘምራኑ የሚለብሱትን ጋውን የሰፋችው እሷ ናት። ለማያውቋት ግን፣ በስደት ወደዚህ ከመጣች ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ በቀር በቤቷ ድምፅ የማይሰማ፣ ስትስቅ ግን ደረጃው ላይ የምትሰማ ሴት ናት። ያን ጊዜ ደንደን ያለች ነበረች፤ እኔም እንደዚያው። ማለዳ አብረን እንውጣ ተባባልን።

ሁለተኛ፣ ስለ ተነሣሽነት በየማለዳው ስለሚልኩልን ምክር አመሰግናለሁ። «ላብህ የስብህ እንባ ነው» የሚለውን በተለይ አልረሳውም። የእኔ ስብ ግን እንባ የሚያውቅ ዓይነት አልነበረም። ከሠርክ ጋር ከግቢያችን በር ወጥተን፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ይዘን፣ ዳገቱን ወጥተን እስከ ስታዲየሙ አካባቢ እንሄድና እንመለስ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳገቱን ስወጣ መናገር ያቅተኝ ነበር፤ ሠርክ ቀድማኝ ትወጣና ወገቧን ይዛ እየሳቀች ትጠብቀኛለች። አንድ ማለዳ ላብ አጥምቆኝ ስፈጥን ያየ የማታቱ ረዳት የምሮጠው ልሳፈር መስሎት መኪናውን አስቁሞ ጠበቀኝ። ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ሲጠብቅ «አይ፣ ለጤናዬ ነው» ለማለት አፍሬ ገባሁና ያልፈለግሁት ቦታ ወረድኩ።

ዝናቡ ሲመጣ ቀይ አፈሩ ከጫማዬ ሥር እየተለጠፈ እግሬን እንደ ድንጋይ አከበደው። ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ። ቢሮ ውስጥ በዘይት የተጠበሰው ማንዳዚ ሲዞር ሳህኑን ለጎረቤቴ አሳለፍኩ። ማታ ዳቦ ተውኩ። ጉልበቴን በቅባት እያሸሁ ተኛሁ፣ ተነሣሁ፣ ወጣሁ። በወሩ መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ስወጣ የተነበበልኝ በጥር የተነበበው ቁጥር ነበር። በሚቀጥለውም ያው። በግንቦት ጥቂት ጨመረ። ቁጥሩን እዚህ አልደግመውም፤ እርስዎ በሚገባ ስላሰሙት ከሕንጻው ጥበቃ በቀር የማያውቀው ያለ አይመስለኝም።

የደከመኝ መራመዱ አልነበረም፣ ክቡር ሆይ። የደከመኝ የሠራሁት ነገር የትም አለመታየቱ ነው። ሰው ቤት ሲያጸዳ የጸዳ ወለል ያያል፤ ሲያበስል ድስቱን ያያል። እኔ በየማለዳው የምሠራውን ነገር ማየት የቻለ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴ በመስተዋት ስፈልገው አጣሁት።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰኔው እሁድ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ሠርክ ከእኔ ቀድማ ተመዝና እንደገና ቀንሳ ተገኘች። ጉባኤው አጨበጨበ፣ መዘምራኑ እልል አሉ። ቀጥሎ እኔ ወጣሁ። እርስዎ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ከዚያም ማይክሮፎኑን ወደ አፍዎ አስጠግተው «እህት ጽጌ፣ እስቲ በጌታ ፊት እውነቱን እንነጋገር፤ ማታ ማታ ሰው ሳያየን ምንድን ነው የምንበላው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። በክፋት የሳቀ አልነበረም፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወረድኩ። በዕድሜ የእናትዎ ታናሽ እህት ልሆን የምችል ሴት መሆኔን ሳይንቁ፣ «የምንበላው» ብለው ራስዎንም ከእኔ ጋር በሌብነት ስለደመሩ ትሕትናዎን ዛሬም አደንቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በቁጥር መቀጠል አልችልም፤ ነገሩ ምስጋና መሆኑ እየቀረ ስለመጣ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከዚያ እሁድ በኋላ መራመድ አቆምኩ። ሠርክ ማለዳ በሬን ስታንኳኳ የተኛሁ መሰልኩ፤ ቆይታ ብቻዋን ስትወርድ የጫማዋን ድምፅ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማ ነበር። ልጄ ማርታ ነገሩን ሰምታ በጣም ተናደደች፤ «ማሚ፣ ከዚያ ግሩፕ ሌፍት በይ፣ ኢትስ ኖት ሄልዚ» አለችኝ። አልወጣሁም፤ መውጣት ተሸነፈች ያስብላል ብዬ ፈራሁ። ስኳሩን ወደ ሻዬ መለስኩት። እንቅልፌ ተበላሸ፣ ቢሮ ውስጥ በትንሽ ነገር የምቆጣ ሆንኩ፣ ደረጃው ረዘመብኝ። ባለቤቴ ዘርይሁን ነገር የማያበዛ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ቁርስ ላይ፣ ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሣ፣ ማለዳ ማለዳ የምትወጣዋ ጽጌ ትሻለው እንደነበር ተናገረ። ኪሎዬን ሳይሆን ፊቴን ያይ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

መድኃኒቴ አልቆ ክሊኒክ ስሄድ ዶክተር ኢንሳፍ ለካችኝና ደም ግፊቴ ተመልሶ መውጣቱን አየች። የቀደሙትን ወራት ከኮምፒውተሯ አውጥታ አሳየችኝ፤ በምራመድባቸው ወራት ግፊቴ ወር በወር ሲወርድ ነበር፣ ስኳሬም ከድንበሩ ራቅ ብሎ ነበር። እኔ ግን አንድ ኪሎ እንኳ ሳልቀንስ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል ብዬ ተከራከርኳት። በዚህ ዕድሜ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ የሴት ሰውነት የያዘውን አጥብቆ እንደሚይዝ፣ አንዳንዷ ቀስ ብላ እንደምትቀንስ፣ አንዳንዷም ልቧና ደም ሥሯ እየተሻሻለ ኪሎዋ ከቦታው እንደማይነቃነቅ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የእኔ የትኛው እንደሚሆን ጠየቅኋት። እንድታባብለኝ ፈልጌ ነበር። «ላይቀንስ ይችላል» አለችኝ፣ «ቢሆንም ተራመጂ።»

በዚህ መልስ ለቀናት ተናደድኩባት። ውሸት ብትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይሁን እንጂ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዓመት ስለ ሰውነቴ ከተነገረኝ ሁሉ ምንም ያልሸጠልኝ ንግግር ያ ብቻ ነው። ተስፋ ካልተሰጠኝ ተስፋ የምቆርጥበትም ነገር የለኝም ብዬ ጫማዬን አጠለቅሁ። በግሩፑ ላይ የሚጽፉት ዓይነት ተነሣሽነት፣ ያ ነበልባል፣ ወደ እኔ አልመጣም። ጥርሴን ስቦርሽ ተነሣሽነት እንደማልጠብቅ ሁሉ ሳልጠብቀው ወጣሁ።

ሠርክ በር ላይ ስታገኘኝ አቅፋ ሳመችኝ። ክንዴ በጀርባዋ ሲዞር አጥንቷ ተሰማኝ። ቀሚሷን በሁለቱም ጎን አጥብባው ነበር፤ ደስ ብሏት አሳየችኝ። መንገድ ስንጀምር ግን ያቺ ቀድማኝ ወጥታ የምትስቅብኝ ሠርክ አልነበረችም። ዳገቱ ሳይጋመስ አጥሩን ይዛ ቆመች። ውኃ ትጠጣለች፣ ጠርሙሱ ያልቃል፣ ከኪዮስክ ሌላ ትገዛለች። ከሰው ግቢ ጥበቃ እየለመነች መጸዳጃ ቤት ትገባለች። አንድ ቀን ቤቷ ገብቼ ስታዋራኝ መርፌና ክር ሰጠችኝና አስገቢልኝ አለችኝ፤ ዓይኗ እየደበዘዘባት፣ ዕድሜ ነው መሰለኝ ብላ። ዕድሜ ልኳን በመርፌ የኖረች ሴት ናት።

ክሊኒክ እንድትሄድ ለመንኳት። ከውድድሩ በኋላ እሄዳለሁ አለች። ሐኪሙ ተኚ ቢለኝስ፣ የመጨረሻው እሁድ ቢያመልጠኝስ ብላ ፈራች። ስጫናት ደረጃው ላይ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፤

«ጽጌ፣ ናይሮቢ ከገባሁ ጀምሮ ለእኔ ያጨበጨበ ሰው የለም። አንዴ እስከ መጨረሻው ይጨብጨብልኝ።»

እኔ ላይ የሳቀው አዳራሽ ለእሷ ብቸኛው ደስታዋ ሆኖ ነበር። ስለዚህ እሷን የሚያዛት ሰው ማን እንደሆነ አስቤ ወደ እርስዎ ዞርኩ። በግል ጻፍኩልዎ፤ እህታችን የምትቀንሰው በጤና አይመስለኝም፣ ውኃ ጥሟ አይቆረጥም፣ ዓይኗም እየደከመ ነው፣ እባክዎ ቀድማ ሐኪም እንድታይ እርስዎ ቢነግሯት ትሰማለች ብዬ ለመንኩዎ። በድምፅ መልእክት መለሱልኝ። ድምፅዎ ረጋ ያለና በፍቅር የተሞላ ነበር። «እህት ጽጌ፣ በእህታችን ድል አብረን ደስ ይበለን። ቅናት መንፈስ ነው፤ ስለ እሱ ብንጸልይ መልካም ነው» የሚል ነበር። ስለ ቅናቴ መጸለይዎን አልጠራጠርም። ስለ ሠርክ የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው ማንበብዎን ግን እጠራጠራለሁ።

የመጨረሻው እሁድ ደረሰ። ሠርክ አንደኛ ወጣች። ዋንጫ ተሰጣት፣ ሙሉ የስፖርት ልብስ ተሰጣት፣ ልብሱ ሰፋባት። እርስዎ እጇን ይዘው ወደ ላይ አነሡና የጽናት ምሳሌ አሏት። ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ። እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ፤ የለመነችኝ እሱን ስለነበረ ነው። ፊቷ ያበራ ነበር፤ ከንፈሯ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ አዲሱን የስፖርት ልብስ ለብሳ ወጣች። ከዳገቱ ግርጌ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ዘንድ ስንደርስ ሠርክ መንገዱ ዳር ተቀመጠች፣ አስመለሳት፣ ከዚያም በጎኗ ተኛች። ስጠራት የምትመልሰው የማይገናኝ ነገር ነበር። በቆሎ ጠባሿ ውኃ አመጣች። ያስቆምኩት የቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል ነጂ አያትና ራሱን ነቀነቀ፤ «ፖሌ ማማ» ብሎ በስዋሂሊ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ኋላ ተቀምጣ ራሷን መያዝ እንደማትችል አይቷል። ታክሲ የሚቆመው ከዳገቱ በላይ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ክንዷን በአንገቴ ላይ አድርጌ፣ ወገቧን አቅፌ፣ እግሯ አንዳንዴ እየረገጠ አንዳንዴ እየተጎተተ ይዣት ወጣሁ።

ያን ቀን ስንት እንደምትመዝን እርስዎ ያውቁታል፤ ከአንድ ቀን በፊት ለጉባኤው አንብበውታል። እኔ የማውቀው መቅለሏን ነው። እንደዚያ ቀልላ ባላገኛት ብዬ የፈለግሁበት ቅጽበት ከዚያ በፊት አልነበረም። ከባድ ብትሆንና መንገድ ላይ ብታስቀምጠኝ በወደድኩ ነበር።

ዳገቱ ላይ ደርሰን ለታክሲው ሾፌር ሆስፒታሉን ስነግረው ድምፄ አልተቆራረጠም። ይህን ያስተዋልኩት ከቀናት በኋላ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ተቀምጬ ነው። በጥር ባዶ እጄን ያልቻልኩትን ዳገት በመስከረም ሰው ይዤ ወጥቼዋለሁ። በአገልግሎትዎ ሰሌዳ ላይ ይህ የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ ስለማውቅ እንዲመዘግቡልኝ አልጠይቅም።

ሆስፒታል ጣቷን ወግተው ደሟን ሲለኩ መሣሪያው ቁጥር መስጠት አልቻለም፤ «ከፍተኛ» የሚል ቃል ብቻ አወጣ። የስኳር በሽታ ነው። ለወራት ሰውነቷ የበላችውን መጠቀም አቅቶት የገዛ ሥጋዋን ሲበላ ከርሟል፤ እኛም በየወሩ መጀመሪያ እሁድ እያጨበጨብንለት ነበር። ሐኪሙ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ብሎ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ንግግሩን አልጨረሰውም። ለቀናት አፏ ሳይፈታ ቆየች። ማርታ ትምህርቷን ትታ እየመጣች አጠገቧ ስትቀመጥ፣ ዘርይሁን ደግሞ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ማንም ሳይጠይቀው ሌሊቱን ወንበር ላይ ያሳልፍ ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሠርክ ተርፋለች። ዛሬ ኢንሱሊን ራሷን ትወጋለች። ሥጋዋ እየተመለሰ ነው። የስፌት መርፌዋ ውስጥ ክር በገዛ ዓይኗ ያስገባችበት ቀን በሬን አንኳኩታ፣ ክሩ የተንጠለጠለበትን መርፌ ከፊቴ አንሥታ ያዘች፤ ሁለታችንም በር ላይ ቆመን አለቀስን።

ሆስፒታል መጥተው እንደጠየቋት አልረሳሁም። የወይን ፍሬ ይዘው መጡ፣ አጽናንተው ጸለዩ፣ ሲወጡም ቶሎ ተነሺልን፣ ሁለተኛው ዙር እየጠበቀሽ ነው አሏት። ስኳር ለታመመ ሰው ወይን ማምጣትዎ ከልብ ደግነት የመጣ መሆኑን ስለማምን አልጣልነውም፤ ነርሶቹ በሉት።

ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ዝም ልል ወስኜ ነበር፤ ደክሞኛልና። ባለፈው ዓርብ ግን የሁለተኛውን ዙር ማስታወቂያ ለጠፉልን። በማስታወቂያው ላይ ያለችው ሠርክ ናት፤ በመጨረሻው እሁድ፣ የአንገቷ አጥንት ወጥቶ፣ ዋንጫ ይዛ። ከበታቿ «እሷ ከቻለች አንቺም ትችያለሽ» ይላል። ያቺ ፎቶግራፍ፣ ክቡር ሆይ፣ ራሷን ለመሳት ከአንድ ቀን ያነሰ የቀራት ሴት ፎቶግራፍ ናት።

ማስታወቂያውን ሠርክ እኔ ቤት ሆና በስልኳ አየችው። ከዚያ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ እኔ ሳታይ «ኢንሱሊኑን ትንሽ ብቀንሰው ኪሎዬ ተመልሶ ይወርድ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

መርፌውን ከቀነሰች ምን እንደሚሆን እሷም ታውቀዋለች፤ ሐኪሞቹ ነግረዋታል። ሆኖም ወደ እሁዱ መድረክ ስትመለስ ያጨበጨቡላት ሰዎች ወፍራ ሲያይዋት ምን ይሉኛል ብላ ፈራች። ከሞት ይልቅ የፈራችው ያንን ነበር። ያን ዕለት እዚያው ቤቴ አደረች። በማግስቱ ዶክተር ኢንሳፍ ዘንድ አብረን ሄደን ሠርክ የጠየቀችኝን እሷንም ጠየቀቻት፤ ዶክተሯም ወንበሯን አስጠግታ፣ እጇን ይዛ፣ ሌላ በሽተኛ እየጠበቃት እንደሆነ ሳትነግራት ለረጅም ጊዜ አወራቻት። ሠርክ መርፌዋን አልቀነሰችም። ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊትም አንብባዋለች፤ ስለ ወይኑ የጻፍኩትን አውጪው፣ ሰውዬው ደግ ነው አለችኝ። ደግ መሆንዎን እኔም ስለማምን ነው ሳላወጣው የተውኩት።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ፎቶግራፉን ዛሬውኑ ያውርዱልን። ሚዛኑን ከመድረክ ያውርዱት፤ መመዘን የሚፈልግ በክሊኒክ፣ በር ተዘግቶ ይመዘናል። በሚመጣው እሁድም ያንኑ ማይክሮፎን ይዘው፣ ሠርክ የቀነሰችው ታማ እንደነበር፣ አሁን የጨመረችው ድና እንደሆነ ለጉባኤው ይንገሩልን። ለእኔ ምንም እንዲሉልኝ አልለምንም። ማታ ማታ ምን እንደምበላ ማወቅ ከፈለጉ ግን ቤቴ ለእንግዳ ክፍት ነው፤ ጎመን ነው።

እንደ እኔ ለምትራመዱና ለማይታይላችሁ እህቶችም ጥቂት ቃል ልበል። ለምን እንደምትራመዱ ለሰው የምታሳዩት ነገር ባይኖራችሁ አይግረማችሁ። እኔም የለኝም። ኪሎዬ በጥር የነበረው ነው። ማለዳ ስነቃ ዛሬስ ምን አለበት ብተኛ የሚለው ሐሳብ ከእኔ ቀድሞ ይነቃል፤ አንዳንድ ቀን ያሸንፈኛል። በሌሎቹ ቀኖች እነሣለሁ። ሠርክ ብቻዋን እንዳትወጣ ሐኪሞቹ ስለከለከሏት እሷ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ ኪሷ ውስጥ ከረሜላ አለ፣ ስኳሯ ከወረደ የምትውጠው። ዳገቱ ላይ ቆማ የምትጠብቀኝ እሷ ነበረች፤ አሁን የምጠብቃት እኔ ነኝ። ስትደርስ እንቀጥላለን። በእኔ ዕድሜ ከዚህ የበለጠ ተነሣሽነት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እኔ ግን ይህ አለኝ።

ይህን የሚያህል ጽሑፍ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ካነበቡልኝ፣ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጉልበቴ አሁን ስለሚፈቅድልኝ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለአገልግሎትዎ ማስተዋልን፣ ለማይክሮፎንዎ ደግሞ አልፎ አልፎ ባትሪ ማለቅን የምመኝልዎ፣

አክባሪ እህትዎ፣
ጽጌ መኳንንት
ካሳራኒ፣ ናይሮቢ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ እህት ማዕዶት ከወር ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኪሌሌሽዋ ድረስ መኪና እየነዱ መጥተው ከእኛ ጋር ይራመዳሉ። ይህንን እንድጽፍልዎ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ማሽን እያለ ይህን ያህል መንገድ መምጣታቸው ገርሞኝ፣ ለምን ለወንድም ኤልናታን አይነግሯቸውም ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ስንት ቀነስሽ ይለኛል» አሉኝ።